ዩሱፍ በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ



ድባጤ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለቻችሁ እንበል። ከዒሻ ሶላት በኋላ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ምን እንደምታጠና ብትጠይቋት «ግራመር» ትላችኋለች። ባዶ ቦታ መሙላት፣ ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ፣ አጭር ምንባብ አንብቦ ጥያቄ መመለስ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ትምህርት አይደለም፤ ታሪክ የሚቀርበው ለመለማመጃ ያህል በቁራጩ ነው። ስለዚህ ልጃችን አንድም ሙሉ መጽሐፍ ሳታነብ 12ኛ ክፍልን ልትጨርስ ትችላለች።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመተከል ደግሞ የ2013 ዓ.ም. ግድያና መፈናቀል ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አንስቷል።

«ታዲያ በዚህ ጭንቅ ላይ ልብ ወለድ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። መልሴን በአንድ መጽሐፍ ላሳያችሁ።

አብዱልራዛቅ ጉርናህ በ1948 (እ.ኤ.አ.) በዛንዚባር ተወለደ። አፉን የፈታው በስዋሂሊ ሲሆን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው «ፓራዳይዝ»፣ በእኛ አነጋገር «ጀነት»፣ ዩሱፍ ስለተባለ የ12 ዓመት ልጅ ይተርካል። አባቱ ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ልጁን አዚዝ ለሚባል ሀብታም ነጋዴ ይሰጠዋል። ልጁ ነጋዴውን አጎቱ አድርጎ ያውቀዋል። እውነቱን የሚነግረው ኸሊል ነው፤ እርሱም በወላጁ ዕዳ የመጣ ነው።

የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ሱራ የሚያውቅ ቤተሰብ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ እንግዳ አይሆንም። እመቤቲቱ ትመኘዋለች፤ ሲሸሽም ልብሱ ከኋላው ይቀደዳል። ጉርናህ መንገዱን የሚለየው ፍጻሜው ላይ ነው። በሱራው ውስጥ የተሸጠው ልጅ በአላህ እርዳታ ለክብር ይበቃል፤ ቤተሰቡንም ይቅር ብሎ ይሰበስባል። የልብ ወለዱ ዩሱፍ ግን በመጨረሻ ጀርመኖች የሚያዟቸውን ወታደሮች ተከትሎ ይሮጣል፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው መሆኑ ነው። ይህ ፍጻሜ ያማል። ዩሱፍ ዝምታው መብዛቱና የሴቶቹ ሕይወት በእርሱ ዓይን ብቻ መታየቱም ጉድለት ይመስለኛል።

ሆኖም የመጽሐፉ ብርታት ነጋዴው አዚዝ ላይ ነው። ጨዋ ነው፣ አንደበቱ ለስላሳ ነው፣ ይሰግዳል፤ የሰው ልጅ ግን በዕዳ መያዣነት ይወስዳል። ይህ ለቤኒሻንጉልና ለመተከል ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። የባሪያ ንግድ የቤርታንና የጉሙዝን ሕዝብ ለረጅም ዘመን አስለቅሷል፤ ክርስቲያን ሹማምንትም ሙስሊም ነጋዴዎችም እጃቸው ነበረበት። ይህን በሐቅ ማየት ዲንን አያሳንስም፤ ዲን የሚያሳንሰው ግፍን በመልካም ስነ ምግባር መሸፈን ነው።

እንግዲህ ሥነ ጽሑፍ ለልጃችን የሚሰጠው ይህን ነው። ባዶ ቦታ የሞላችው ቃል በማግስቱ ይጠፋባታል፤ ዩሱፍ አባቱ ምን እንዳደረገበት ለማወቅ ብላ የፈታችው ቃል ግን ልቧ ውስጥ ይቀራል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሩቅ ሰው ንብረት ብቻ አለመሆኑንም ታያለች፤ የዛንዚባር ልጅ ስዋሂሊውንና ዐረብኛውን ሳያፍር ይዞት ገብቷልና።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ መጀመሪያ ሱራውን በቤታችሁ አንብቡ፤ ትርጉሙንም ንገሯት። መምህራንም አንድ ሙሉ መጽሐፍ፣ ባይገኝ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ይምረጡ። ማታ ሁለት ገጽ ታንብብ፤ ያነበበችውንም በአማርኛ፣ በሺናሻ፣ በጉሙዝ ወይም በኦሮምኛ ትተርክላችሁ። እናንተ እንግሊዝኛ ባታውቁ ግድ የለም፤ ማዳመጥ ታውቃላችሁ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው። አሚን።