ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክብር

የሂንዱ ሥርዓት ለነፍሰ ጡር ሴት ያለውን እይታ የማደንቀው የፅንሱን ጤና ከእናቲቱ ሰላም ስለማይነጥል ነው። ሲማንቶናያና በሚባለው ሥርዓት ባል የነፍሰ ጡር ሚስቱን ፀጉር ከግንባሯ ወደ ላይ ይከፍላል፤ ዓላማው እሷን ማስደሰትና ከክፉ መጠበቅ ነው። በጥንታዊው የሂንዱ የጀግንነት ግጥም በማሃባራታ ዙሪያ በሚነገር ትውፊት ደግሞ ጦረኛው አቢማንዩ የጦር ስልት የሰማው በእናቱ በሱባድራ ማሕፀን ሳለ ነው። ይህ ተረት ነው ቢባል እውነት ነው፤ ቢሆንም በእናት ዙሪያ የሚነገረው ሁሉ ክብደት እንዲኖረው አድርጓል።

ከዚሁ ባህል ለመጣው፣ ነፍሰ ጡሮች ለሚሠሩት ዮጋ ግን ከተረት የተሻለ ምስክር አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የባንጋሎር ጥናት 335 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ ነበር። በየቀኑ አንድ ሰዓት ዮጋ የሠሩት፣ በእግር ጉዞ ከተወሰኑት ይልቅ ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ አንሶባቸዋል፤ ክብደታቸው ከ2,500 ግራም የማያንስ ልጆችም በብዛት ወልደዋል። ሴቶቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ውጤቱን በሙሉ ለዮጋው መስጠት አይቻልም፤ ዮጋ የሐኪም ክትትልንም አይተካም፤ ሆድን የሚጫን እንቅስቃሴም መቅረት አለበት። ከሥርዓቶቹም መካከል ወንድ ልጅ የሚለመንበትን ፑምሳቫናን ጨርሶ አልደግፈውም። የምወደው ዮጋው ሥራ ለሚበዛባት ሴት በቀን አንድ ሰዓት የራሷ እንዲሆን፣ እስትንፋሷን እያዳመጠች እንድታርፍ ማዘዙን ነው።