ሰፊው ፈተና ይቅደም

የሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ደረጃ ማረጋገጫ የሆነው ኤልፒክ-1 ሁለት ፈተና አለው፤ እያንዳንዱ 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። ከማሽኑ አነሳስ እስከ ፋይል ፈቃድ፣ ከሼል ስክሪፕት እስከ ኔትወርክና ደኅንነት ያልተነካ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ፕሪንተር እንኳ አልቀረም። የዴቢያንም የሬድ ሃትም የሶፍትዌር አጫጫን ይጠየቃል። «እኔ የምሠራው ኮንቴይነር ላይ ነው፣ ፕሪንተር ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለ ፕሪንተሩ አልከራከርም። የጀማሪ ፈተና ግን ሰፊ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ጠባቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ብልሽት የሙያ ድንበር አያውቅም። ድረ ገጹ አልከፈት ሲል ጥፋቱ የዌብ ሰርቨሩ ላይሆን ይችላል፤ ሎግ ዲስኩን ሞልቶት፣ የዲኤንኤስ መዝገብ ተሳስቶ ወይም የደኅንነት መቆጣጠሪያው ኤስኢሊኑክስ ፋይሉ እንዳይነበብ ከልክሎ ሊሆን ይችላል። ኮንቴይነርም ቢሆን በኔምስፔስና በሲግሩፕ የተከለለ፣ የአስተናጋጁን ከርነል የሚጋራ ተራ ፕሮሰስ ነው። የኮንቴይነር ትእዛዝ ብቻ የተማረ ሰው፣ ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ፕሮሰሱን ሲገድልበት፣ የከርነሉን መልእክት ማየት ትቶ ኮንቴይነሩን ደጋግሞ ያስነሳል።

ሰፊ ፈተና ሽምደዳን ያበረታታል የሚለው ወቀሳ ከፊል እውነት አለው፤ ምርጫ ያለው ጥያቄ በሽምደዳ ይታለፋል። ይህ ግን የስፋቱ ሳይሆን የአፈታተኑ ጣጣ ነው። የሬድ ሃት የመሠረት ማረጋገጫ የሆነው አርኤችሲኤስኤም ሰፊ ነው፤ ሆኖም ተፈታኙን የሚያሠራው በእውነተኛ ሲስተም ላይ ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ያልጸና ሥራ ነጥብ አያስገኝም።

በላይኛው ደረጃ ነገሩ ይገለበጣል። በኤልፒክ-3 ውስጥ 304 ተብሎ ይታወቅ የነበረው ፈተና ቨርቹዋላይዜሽንንና አገልግሎት ሳይቋረጥ የማቆየትን ሙያ አንድ ላይ አጭቆ ነበር፤ ኋላ 305 እና 306 ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሬድ ሃትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከፍ ያለ ማረጋገጫውን አርኤችሲኢን አንሲብል በተባለው የአውቶሜሽን መሣሪያ ላይ አጠበበው፤ መሠረቱን አርኤችሲኤስኤን ግን አላስቀረም። ቀጣሪ የሚጠይቀው ልዩ ሙያ ነው የሚለው ክርክርም ይህን ቅደም ተከተል አያፈርሰውም፤ የኤልፒክ-3 ማረጋገጫ የሚሰጠው ሰው ኤልፒክ-2ን፣ ለዚያም ኤልፒክ-1ን መያዝ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የፈተና ክፍያ የምታዘጋጁ፣ ገንዘባችሁን በሰፊው ላይ አውሉት።