«ግንኙነት» በሚለው ቃል ላይ ስለ ተጫነው ሸክም
በ2004 እ.ኤ.አ. በሬድ ሃት ኩባንያ የተጀመረው ኔትወርክማናጀር የተባለው የሊኑክስ መርሐ ግብር መሣሪያውንና በስም ተመዝግቦ የሚቀመጠውን የመገናኛ ቅንብር ለይቶ ይይዛል። ሁለተኛውን እንግሊዝኛው «ኮኔክሽን» ይለዋል። ለአንድ መሣሪያ ብዙ ቅንብር ሊመዘገብለት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን በአንዱ ብቻ ነው።

ተርጓሚው «ግንኙነት» ብሎ ያለፈው እንደ ሆነ፣ «ግንኙነቱ ይሰረዝ?» የሚለውን በመስኮቱ ላይ ያነበበ ሰው መስመሩ ለጊዜው የሚቋረጥ መስሎት ይስማማል፤ የሚጠፋው ግን ተመዝግቦ የቆየው ቅንብር በሙሉ ነው። ስሕተቱ በቃላት ሰንጠረዥ ላይ አይታይም፤ መስኮቱ ተከፍቶ ሲፈተን እንጂ። (የጥፋቱ ግማሽ የእንግሊዝኛው መሆኑ አይካድም።)

ስለዚህ «የግንኙነት ቅንብር» ማለት ይሻላል። ለጠባብ አዝራር ረዘመ የሚል ቢኖር «ቅንብር» ብቻውን ይበቃል፤ «ግንኙነት» በሥራ ላይ ላለው መስመር ይቀመጥ።