ጥምር የሳል ሽሮፕና ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሕመምተኛ

ጥምር የሳል ሽሮፕ በአንድ ጠርሙስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት መድኃኒት የያዘ ፈሳሽ ነው። አክታ ላለው ሳል የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ጓይፌኔሲን፣ ብሮምሄክሲን ወይም አምብሮክሶል ይገባባቸዋል፤ አክታውን አቅጥነው ለመትፋት እንዲያመች ያደርጋሉ። ደረቱ ሲር ሲር ለሚል ሰው በሚሰጡት ላይ የአየር ቧንቧን የሚያላላ ሳልቡታሞል ይጨመራል። እዚያው መደርደሪያ ላይ ያሉት ዴክስትሮሜቶርፋንና ክሎርፌኒራሚን የያዙት ግን ሥራቸው ሌላ ነው፦ አንዱ ሳልን ያፍናል፣ ሌላው አክታን ያደርቃል፣ እንቅልፍም ያመጣል። አክታው መውጣት ላለበት ሰው እነዚህን መስጠት አክታውን ደረቱ ውስጥ ማስቀረት ነው።

በጎጃም ከጮቄ ተራራ ወዲህና ወዲያ ያሉት ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በገጠሩ እንጨትና ኩበት የሚነደው ጭስ መውጫ በሌለው ቤት ነው፤ ጤፍ ሲወቃ ደግሞ የእብቁ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል። ስለዚህ በገበያ ቀን ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሳል ሁሉ የጉንፋን አይደለም። «የሳል ሽሮፕ ስጠኝ» ያለውን አባወራ ባለሙያው መጀመሪያ ይጠይቀዋል፦ ስንት ጊዜ ሆነው? አክታው ደም አለው? ሌሊት ያፍንሃል? የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለህ? ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የአክታ ምርመራ እንጂ ሽሮፕ አያስፈልገውም፤ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ከያዘው ደግሞ ጥፋቱ የክኒኑ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከብደው የሕፃን ሳል ነው። «እስቲ እህቴ፣ ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን አሳዪኝ» ተብሎ፣ ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ትንፋሹ በሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ይህ የሳንባ ምች ምልክት ስለሆነ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ወይም ካንቀላፋና አልነቃ ካለ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ በፍጥነት ከተነፈሰ መዘግየት የለበትም። እንጥሉ ወርዷል ተብሎ የሚቆረጥ ልጅም ዛሬ ድረስ አለ፤ ቁርጡ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ለሳሉ ምንም አያመጣለትም።

እነዚህ ምልክቶች ለሌሉበት የልጅ ጉንፋን ሽሮፕ አይመከርም። በአሜሪካ አምራቾች ከ2008 ጀምሮ ከ4 ዓመት በታች አትስጡ ብለው ይጽፋሉ፤ በእንግሊዝ ከ2009 ወዲህ ገደቡ 6 ዓመት ነው። የጡት ወተት፣ አንድ ዓመት ላለፈው ደግሞ የጎጃም ማር በሞቀ ውሃ ጉሮሮን ያለሰልሳል። ማር ግን ዓመት ላልሞላው አይሰጥም። እናትን ያለ ጠርሙስ መሸኘት ከባድ ነው፤ ራቅ ካለ ቀበሌ በእግሯ መጥታለች። ቢሆንም የሙያው ሐቀኝነት የሚፈተነው እዚህ ነው።

ሲር ሲር ለሚል ደረት ከሽሮፕ ይልቅ የሚሳበው መድኃኒት (ፓፍ) ይመረጣል። የተለመደው የሳልቡታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ይህ 100 ማይክሮ ግራም ከሚሰጠው ፓፍ ሃያ ጊዜ ቢረጩት የሚገኘው መጠን ነው። ፓፉ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያስተነፍስ ሽሮፑ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በደም ዞሮ ስለሚሄድም እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ ሥራው ይከሽፋል፤ ፕሮፕራኖሎል ራሱ አስም ላለበት አደጋ ነው። ለልጆች ፓፉን ለማሳብ የተለየ ዕቃ ካልተገኘ የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል፦ ታጥቦ ሳይወለወል ይደርቃል፣ ቂጡ በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል።

በጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ከሕፃናት ሞት ጋር ስለተያያዙ፣ ዳይኢቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ ስለተገኘባቸው አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች አስጠንቅቋል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ጠርሙስ ስለዚህ ከመደርደሪያው መድረስ የለበትም። ሽሮፕ መስጠት ግድ ሲሆን ባለሙያው በማሸጊያው ባለው መለኪያ ላይ 5 ሚሊ ሊትር የሚለውን መስመር በጥፍሩ ያሳያል፤ የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው አይገጥምምና።