ከቀበሌ እስከ ጨፌ

አዳማ ላይ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ሲሰበሰብ የማከብረው ከቀበሌ ምክር ቤት ተነስቶ፣ በወረዳ በኩል አልፎ እዚያ የደረሰውን ተመራጭ ነው። በ537ቱ መቀመጫዎች መሀል የሱ ጥያቄ ቶሎ ይለያል፤ የበጀቱ ድምር ሲነበብ ጆሮው መንገዱ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ይጠብቃል።

ቆቃን እንውሰድ። ሐይቁ ዳር ገበሬው ውኃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። የውኃ ተራ ሲያጣላ መጀመሪያ የሚጠራው የቀበሌው ሰው ነው። ቦዩ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፣ ሁለቱንም ወገን ይሰማል፣ ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ማታ ደግሞ ያው የተከራከሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። መሸሻ የለውም። ለእኔ ከየትኛውም ሥልጠና የሚበልጠው ይሄ ነው። የሞጆ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ሐይቁ ውስጥ እንደሚገባም ሪፖርት ሳይመጣለት ያውቃል፤ ሽታውን ያውቀዋላ!

ከታች ደረጃ በደረጃ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ ሰው ደረጃውን ሳይወጣ አባ ገዳ አይሆንም። መሰላሉ ከጨፌም በላይ ይቀጥላል፦ የጨፌ አፈ ጉባኤ የነበሩት ወይዘሮ ሎሚ በዶ በ2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነዋል።

እኔ ግን ልቤ የሚቀረው ከጉባኤው በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ቆቃ በሚመለሰው ላይ ነው። ገና ሳይወርድ "የመስኖው ነገር ምን ተባለ?" ይሉታል፤ እሱም ቆሞ ያስረዳል።