«ወራሪ» ስለተባለው ቀዶ ሕክምናና ስለ «ወልጋዳ» ጉልበት

ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ለሚጋጭባቸው ሕሙማን የሚደረገውን የመገጣጠሚያ ቅየራ «በትንሹ ወራሪ የወልጋዳ ጉልበት ቅየራ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ይህን ስያሜ አንቀበለውም።

«ወራሪ» በአማርኛ ጠላት ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። «በጠባብ ቅድ» ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ ቁም ነገሩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይደርስ የነበረው ቅድ ወደ 10 ወይም 15 መውረዱ ሳይሆን፣ የፊት ጭን ጡንቻና ጅማቱ በተቻለ መጠን ከመቆረጥ መትረፋቸው ነውና። «ጡንቻ ቆጣቢ» ቢባል ይሻላል።

የከፋው ግን «ወልጋዳ» ነው። ቃሉ መጣመምን እንጂ አቅጣጫን አይናገርም፤ እግሩ እንደ ቀስት ወደ ውጭ የጎበጠውም ሰው ወልጋዳ ይባላል። ለቀዶ ሐኪሙ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ወደ ውስጥ በገባ ጉልበት ላይ የሚያጥረውና እንዲላላ የሚደረገው በውጭ በኩል ያለው ጅማት ነው፤ እግሩ ሲቃና በዚያው በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተለጥጦ ሊጎዳ ይችላል። ሕመምተኛው የሚፈርምበት ወረቀት ይህን ካልለየ፣ የትኛው አደጋ ተነገረው ሊባል ነው?

«ቫልገስ»ን እንዳለ እንውሰድ ለሚሉም መልስ አለን። በጥንቱ ላቲን ቃሉ እግሩ እንደ ቀስት የጎበጠውን ሰው ይጠራ ነበር፤ የዛሬው ሕክምና ለተቃራኒው አውሎታል። ግርታውን ከነቃሉ ለምን እንዋሳለን? በእኛ በኩል «ገብ ጉልበት» እና «ቀስት ጉልበት» የሚሉትን እናቀርባለን፤ በየአካባቢው ከዚህ የቀና ቃል የሚያውቁ አንባብያን ቢጽፉልን ደስ ይለናል።