ቆሞ የሚያም፣ ተኝቶ የሚነሳ

የወገብ አከርካሪ ቦይ የጠበበበት ታካሚ የኤምአርአይ ፊልሙን ገና ሳይቀመጥ ይዘረጋልኛል። እኔ ግን መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ፦ ምን ያህል ሲሄዱ ነው እግርዎ የሚዝለው? ዳገት ይብስብዎታል ወይስ ቁልቁለት? ዳገቱን ጎንበስ ብሎ ስለሚወጣ ይቀለዋል፤ ቁልቁለት ላይ ወገቡ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ቦዩ ይበልጥ ይጠብና እግሩ ይከዳዋል። ሳይቀመጥ፣ ቆም በማለት ብቻ የሚሻለው ከሆነ ደግሞ የእግሩን የደም ሥር ምት እዳስሳለሁ።

ይህን ሳልጠይቅ ፊልም ማየት አልወድም። ስኮት ቦደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ወገባቸውን ታመው የማያውቁ 67 ሰዎችን በኤምአርአይ አይተው ነበር። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 21 በመቶው ቦያቸው ጠቦ ተገኘ። እነዚያን ሰዎች ማን በቀዶ ሕክምና ያክማቸዋል?

ፊልሙ ላይ መጀመሪያ የምሠራው መቁጠር ነው። አንዳንዱ ሰው የመጨረሻው የወገብ አከርካሪው ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር የተጣበቀ ነው፤ እዚያ ላይ ቆጠራ ከተሳሳተ ቢላው ጤነኛ ቦታ ላይ ያርፋል። ሚሊሜትር መለካት ብዙም አይማርከኝም። በነርቮቹ ዙሪያ ነጭ ሆኖ የሚታየው ፈሳሽ አለ ወይስ ጠፍቷል? ቀጥሎ ነርቩ ወደ እግር የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በጎን ምስሎቹ ላይ አያለሁ። መሐሉ ተከፍቶ ቀዳዳው ከተረሳ ታካሚው ያንኑ ሕመም ይዞ ይመለሳል።

ኤምአርአይ የሚነሳው ተኝቶ ነው፤ ሕመሙ ግን የሚመጣው ቆሞ ነው። ሲቆም የሚንሸራተት አከርካሪ ሲተኛ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። በአከርካሪው የኋላ መገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ በዝቶ ካየሁ ይህን እጠረጥራለሁ፤ ቆሞ፣ ጎንበስና ቀና ብሎ ራጅ እንዲነሳም እልካለሁ። ርካሹ ምርመራ ይህ ሆኖ ሳለ ውድ ፊልም ይዘው ያለ ራጅ የሚመጡት ታካሚዎች ብዛት ያናድደኛል። አከርካሪውን የሚያስር ብሎን ይግባ አይግባ የሚለውን ክርክር የሚያበርደው ራጁ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የስዊድን ጥናት አከርካሪው የተንሸራተተባቸውን ጨምሮ ቦዩን ብቻ በመክፈትና ብሎን በመጨመር መካከል በ2 ዓመት ውስጥ የውጤት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ራጁ ላይ የማይንቀሳቀስን አከርካሪ አላስርም።

ሲቲ ስካን የማዘው ለአጥንቱ ነው፦ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንዳበጠ፣ ጅማቱ ጠጥሮ እንደሆነ ያሳየኛል። ከየት ወገን እንደምገባ የምወስነውም በእሱ ነው፤ ከየመገጣጠሚያው ቢያንስ ግማሹ ሳይቆረጥ መቅረት አለበት።